የላሜራ መስመር ማነቆ የት ነው?

በአንድ የብረት ቅርጽ ማውጫ ፋብሪካ ውስጥ በቅደም ተከተል የተያያዙት ማሽኖች ምንም ያህል ፈጣኖች ቢሆኑ፣ በፈረቃው መጨረሻ የሚገኘውን የምርት መጠን የሚወስነው ከሁሉም የዘገየው አንድ የሥራ ደረጃ ነው፤ ይህ ደረጃ በኢንዱስትሪ ምህንድስና ማነቆ ተብሎ ይጠራል። ነገሩ ሲነገር ግልጽ ቢመስልም፣ ማነቆው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ከሚታሰበው በላይ አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ምርቱን የሚያንቀው ትልቁና ውዱ ማሽን ሳይሆን፣ ያ ማሽን ቆሞ የሚጠብቅበት፣ በማንም የሥራ ዝርዝር ላይ ያልተጻፈ ጊዜ ነው። ምርት ያነሳቸው ፋብሪካዎች ይህን ሳያጣሩ አዲስ ማሽን ለመግዛት ሲቸኩሉና ከግዢው በኋላም ምርቱን ባለበት ሲያገኙት የሚታየው በዚህ የተነሣ ነው።

ጉዳዩን በቅርበት ለማየት፣ ሸንተረር ያለው የጣሪያ ቆርቆሮ የሚመረትበት መስመር ይመቻል። ጥሬ ዕቃው ኮይል በሚል ስም የሚታወቀው፣ ዚንክ ወይም ቀለም የተቀባ ስስ የላሜራ ጥቅል ሲሆን፣ በክሬን ተነሥቶ መፍቻው ላይ ይሰካል። ከዚያ ላሜራው እየተፈታ ጥንድ ጥንድ ሆነው በተደረደሩ ሮለሮች መካከል ያልፋል፤ እያንዳንዱ ጥንድ ካለፈው ጥቂት ጠለቅ ያለ ቅርጽ ስለሚሰጠው፣ ጠፍጣፋ ሆኖ የገባው ላሜራ ከመጨረሻው ጥንድ ሲወጣ ሸንተረሩን ይዞ ይወጣል። ይህ አሠራር ሮል ፎርሚንግ ይባላል። ቅርጹ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በደረጃ የሚሰጥበት ምክንያት፣ የሚታጠፈው ጠርዝ ከመሃሉ የረዘመ መንገድ የሚጓዝ በመሆኑ፣ በአንድ ጊዜ ቢታጠፍ ከመጠን በላይ ተለጥጦ ስለሚጣመም ነው። ከሮለሮቹ ቀጥሎ ያለው መቁረጫ ቆርቆሮውን በታዘዘው ርዝመት ይቆርጠዋል፤ በመጨረሻም ሁለት ሠራተኞች ግራና ቀኝ ይዘው ከጠረጴዛው ላይ እያነሡ ይደረድሩታል።

እንግዲህ ሮለሮቹ ላሜራውን በደቂቃ 30 ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ ግማሽ ሜትር፣ የሚያሳልፉበት፣ መቁረጫው በቆረጠ ቁጥር ግን መላው መስመር ለ2 ሴኮንድ የሚቆምበት፣ ደርዳሪዎቹም አንዱን ቆርቆሮ አንሥተው፣ አስቀምጠውና ተመልሰው ለሚቀጥለው ለመዘጋጀት 7 ሴኮንድ የሚወስድባቸው መስመር እንዳለ ይታሰብ። የታዘዘው ቆርቆሮ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ከሆነ፣ ቅርጽ ለማስያዝ 4፣ ለመቁረጥ 2፣ በድምሩ 6 ሴኮንድ ይበቃል፤ ደርዳሪዎቹ ግን 7 ሴኮንድ ስለሚፈልጉ መስመሩ የእነርሱን እጅ ይጠብቃል፣ ማነቆውም ድርደራው ነው። ከሰዓት በኋላ የ6 ሜትር ትእዛዝ ሲመጣ ሁኔታው ይገለበጣል፤ አሁን አንዱን ቆርቆሮ ቅርጽ አስይዞ ለመቁረጥ 14 ሴኮንድ ስለሚያስፈልግ ደርዳሪዎቹ ግማሹን ጊዜ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ማነቆው ሮለሮቹና መቁረጫው ሆነዋል ማለት ነው። አንድም ማሽን ሳይነካ፣ አንድም ሰው ሳይቀየር፣ የትእዛዙ ርዝመት ብቻ ማነቆውን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው አዛውሮታል።

ይህ የሂሳብ ጨዋታ አይደለም፤ ገንዘብ የት መዋል እንዳለበት የሚወስን ነው። የፋብሪካው ኃላፊ ላሜራው ሳይቆም አብሮት እየተጓዘ የሚቆርጥ ዘመናዊ መቁረጫ ቢገዛ፣ በቁራጭ የሚጠፋው 2 ሴኮንድ ይቀራል። በ6 ሜትሩ ቆርቆሮ ላይ ጊዜው ከ14 ወደ 12 ሴኮንድ ስለሚወርድ ምርቱ በሰዓት ከ257 ወደ 300 ቆርቆሮ ያድጋል፤ በ2 ሜትሩ ላይ ግን ደርዳሪዎቹ አሁንም 7 ሴኮንድ ስለሚፈልጉ፣ በዚያ ሁሉ ወጪ አንድ ተጨማሪ ቆርቆሮ አይገኝም። ፋብሪካው በአብዛኛው አጭር ቆርቆሮ የሚሸጥ ከሆነ፣ ለዚህ ችግር መፍትሔው ሦስተኛ ሠራተኛ መጨመር ወይም የድርደራውን ጠረጴዛ ከፍታ ማስተካከል ሊሆን ይችላል፤ ማሽን ሻጭ ግን ይህን አይነግረውም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ኮይል ሲቀየር ነው። 1 ሜትር ስፋትና 0.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ በሜትር 3.14 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ የ5 ቶን ኮይል 1,590 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ የመቁረጫውና የድርደራው ጊዜ ወደ ጎን ተትቶ በደቂቃ 30 ሜትር ቢሄድ በ53 ደቂቃ ያልቃል። ክሬኑ እስኪመጣ፣ የኮይሉ ማሰሪያ እስኪቆረጥ፣ ጫፉ እስኪስተካከልና ሮለሮቹ መካከል እስኪገባ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ 73 ደቂቃ ውስጥ ከሩብ በላይ የሚሆነው ያለ ምርት ያልፋል ማለት ነው። የሮለሮቹን ፍጥነት ወደ 40 ሜትር ማሳደግ፣ ማለትም ሞተሩን በአንድ ሦስተኛ ማፍጠን፣ ምርቱን የሚጨምረው በ22 በመቶ ብቻ ነው። በአንጻሩ አንዱ ኮይል በሥራ ላይ እያለ ሌላው ተሰክቶ የሚጠብቅበት ባለ ሁለት ራስ መፍቻ ቢተከልና የመቀየሪያው ጊዜ ወደ 5 ደቂቃ ቢወርድ፣ ሮለሮቹ በነበሩበት ፍጥነት እየሄዱ ምርቱ በ26 በመቶ ገደማ ያድጋል።

የመቀየሪያን ጊዜ የማሳጠርን አስተሳሰብ ወደ ሥርዓት ያመጣው ጃፓናዊው የኢንዱስትሪ መሐንዲስ ሺጌዮ ሺንጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በማዝዳ ስም ተሽከርካሪ የሚያመርተው፣ ሂሮሺማ የሚገኘው የቶዮ ኮግዮ ፋብሪካ ትላልቅ ፕሬሶች ሥራውን ማድረስ ስላቃታቸው ኃላፊዎቹ ተጨማሪ ፕሬስ ለመግዛት ያስቡ ነበር። ፕሬስ ማለት ላሜራን ዳይ በሚባሉ ወንዴና ሴቴ የቅርጽ ማውጫ ብረቶች መካከል አስገብቶ በከፍተኛ ኃይል የሚጫን ማሽን ሲሆን፣ የምርቱ ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ዳዩም መለወጥ አለበት። ሺንጎ ከግዢው በፊት ሥራው እንዲመዘገብ ጠይቆ በ800 ቶኑ ፕሬስ ላይ ዳይ ሲቀየር ሲከታተል፣ አንድ ሠራተኛ ዳዩን የሚያስረው ብሎን ጠፍቶበት ከአንድ ሰዓት በላይ ሲፈልግ ተመለከተ፤ ሠራተኛው በመጨረሻ ከጎረቤት ማሽን ረዘም ያለ ብሎን ወስዶ፣ አሳጥሮ ቆርጦና ጥርስ አውጥቶ ተጠቀመበት። ብሎኑ የተወሰደበት ማሽንም ተራው ሲደርስ በበኩሉ ብሎን ፍለጋ መቆሙ የማይቀር ነበር። ከፕሬስ አቅም ማነስ የመጣ የሚመስለው ችግር በከፊል የብሎን ማስቀመጫ ችግር ነበር።

ሺንጎ ከዚህ በመነሣት የቅየራን ሥራ በሁለት ከፈለው፤ አንዱ ማሽኑ ሲቆም ብቻ ሊሠራ የሚችለው፣ ለምሳሌ አሮጌውን ዳይ ማውጣትና አዲሱን መግጠም ሲሆን፣ ሌላው ማሽኑ እየሠራ ሊጠናቀቅ የሚችለው፣ ለምሳሌ ብሎኖችን ማዘጋጀትና አዲሱን ዳይ አጠገቡ ማቅረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በቶዮታ ዋና ፋብሪካ የአንድ 1,000 ቶን ፕሬስ ዳይ ለመቀየር 4 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ በጀርመኑ ቮልስዋገን ተመሳሳዩ ሥራ 2 ሰዓት ይወስድ ስለነበር ቶዮታ ከዚያ እንዲያንስ ጠየቀ። ጊዜው በ6 ወር ውስጥ ወደ 90 ደቂቃ ወረደ፤ ወዲያው ግን ወደ 3 ደቂቃ እንዲወርድ ሌላ ትእዛዝ መጣ፣ ይህም በሌላ 3 ወር ውስጥ ተሳካ። የዚህን ውጤት ታላቅነት ለመረዳት፣ የመቀየሪያው ጊዜ ሲያጥር ፋብሪካው ብዙ ዓይነት ምርት በጥቂት በጥቂቱ ማምረት እንደሚችልና በመጋዘን የሚከማቸው ዕቃም እንደሚቀንስ ማስታወስ ይበቃል።

ማነቆን ፈልጎ ለማግኘት የመጀመሪያው ምልክት ክምችት ነው። ሥራው በተናጠል ፕሬሶች በሚሠራበት ቦታ፣ ያልተሠራ ላሜራ በፊቱ የሚቆለልበትና ከእርሱ በኋላ ያሉት ማሽኖች ሥራ የሚፈቱበት ደረጃ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካዊው ጆን ሊትል በሂሳብ ያረጋገጠው ሕግ፣ በመስመር ላይ ያለ የዕቃ ብዛት በአማካይ በሰዓት ከሚወጣው ምርት ብዛትና አንዱ ዕቃ በመስመሩ ከሚቆይበት ጊዜ ብዜት ጋር እኩል እንደሆነ ይገልጻል። በሰዓት 120 ዕቃ በሚያወጣ ፕሬስ ፊት 600 ዕቃ ከተቆለለ፣ ዛሬ ጠዋት የመጣው ላሜራ ተራው የሚደርሰው ከ5 ሰዓት በኋላ ነው። እንደ ቆርቆሮው ባለ ያልተቋረጠ መስመር ላይ ግን በማሽኖች መካከል ክምር ስለማይታይ፣ ያለው አማራጭ ሰዓት ይዞ ቆሞ መመልከትና እያንዳንዱን መቆም ከነምክንያቱ መመዝገብ ነው። ምዝገባው የፈረቃ ቅያሪ ጊዜንና የምሳ ሰዓትን የማይጨምር ከሆነ ብዙ እውነት ያመልጠዋል።

ሁሉም ደረጃዎች በአማካይ እኩል ፍጥነት ቢኖራቸውም ማነቆ ከመፈጠር አይቀርም፤ ምክንያቱም አንዱ ደረጃ ለአፍታ ሲዘገይ ቀጣዩ ሥራ ያጣል፣ ሌላ ጊዜ በመፍጠንም ያንን የጠፋ ጊዜ መመለስ አይችልም። የሮል ፎርሚንግ መስመር ሠሪዎች ለዚህ ያበጁት መፍትሔ ቀላልና ብልህ ነው፦ ከሮለሮቹ በፊት ላሜራውን የሚበሳ ቀዳጅ ማሽን ባለበት መስመር፣ በእርሱና በሮለሮቹ መካከል ጉድጓድ ይቆፈርና ላሜራው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ያልፋል፤ ቀዳጁ ማሽን ለአፍታ ሲቆም ሮለሮቹ የተንጠለጠለውን ትርፍ ላሜራ እየሳቡ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

እስራኤላዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤሊያሁ ጎልድራት እ.ኤ.አ. በ1984 ዘ ጎል በተባለው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ በማነቆው ላይ የጠፋች አንዲት ሰዓት ለመላው ፋብሪካ የጠፋች ሰዓት ስትሆን፣ ማነቆ ባልሆነ ማሽን ላይ የተቆጠበች ሰዓት ግን ክምችት ከመጨመር ያለፈ ጥቅም የላትም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ያለው ማነቆ በሙሉ አቅሙ እንዲሠራ ይደረጋል፤ ሠራተኞቹ በፈረቃ ምሳ እየበሉ ማሽኑ እንዳይቆም፣ የጥራት ቁጥጥሩም ከማነቆው በኋላ ሳይሆን በፊት እንዲሆን፣ የተበላሸ ላሜራ ውድ ጊዜውን እንዳይበላ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ስም የተቋቋመው ተቋም በሚያስተምራቸው የጃፓን አሠራሮች ውስጥ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የታወቀ ቦታ መስጠት መኖሩ በዚህ ረገድ ትልቅ ትርጉም አለው፤ በማነቆው አጠገብ የሚፈለግ የብሎን መፍቻ ወይም ብሎን በሴኮንዶች ውስጥ መገኘት አለበትና።

ማፍጠን ብቻውን መፍትሔ የማይሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። የታጠፈ ብረት ጫናው ሲለቀው በጥቂቱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ ሮለሮቹ ይህን ታሳቢ አድርገው ከሚፈለገው በላይ ቢያጥፉትም፣ የኮይሉ ጥንካሬ ሲለያይ ማስተካከያው መለወጥ አለበት። ፍጥነቱ ሲጨምር ሰበቃና ሙቀት ይጨምራሉ፣ የዚንኩ ወይም የቀለሙ ሽፋን ሊጫጫር ይችላል፤ የተጫጫረው ቆርቆሮም ተመልሶ ሲጣል ተገኘ የተባለው ጊዜ ይጠፋል።

አንዱ ማነቆ ሲፈታ ሌላው ይተካዋል፤ ፍለጋው ከድርደራ ወደ ኮይል ቅየራ፣ ከዚያም ወደ ሮለሮቹ እየተሸጋገረ በመጨረሻ ከፋብሪካው ግቢ ሊወጣ ይችላል። ኮይል ከውጭ በሚገዛበትና የውጭ ምንዛሪ በሚያጥርበት ጊዜ፣ በኢትዮጵያ ያለ የቆርቆሮ ፋብሪካ ማነቆ ማሽን ሳይሆን ጥሬ ዕቃው ራሱ ይሆናል። ያን ጊዜ በሜትር በደቂቃ የሚለካው ፍጥነት ዋጋ ያጣና መለኪያው ከአንድ ቶን ላሜራ የሚወጣው የሚሸጥ ቆርቆሮ ይሆናል፤ ለምሳሌ ከእያንዳንዱ ኮይል ጫፍና ጅራት ተቆርጦ የሚጣል 10 ሜትር፣ ከ1,590 ሜትሩ 0.6 በመቶ የሚሆነው፣ ቀድሞ እንደ ተራ ብክነት ይታይ የነበረ ሲሆን፣ አሁን ግን በማነቆው ላይ እንደ ጠፋ ጊዜ ተቆጥሮ በየኮይሉ መመዝገብና መቀነስ አለበት።