ለትንሹ ኮምፒዩተር የተሠራ የቢጋር ፕሮግራም እንዴት ይሻሻላል?

ድርሰት ለመጻፍም ሆነ ትምህርት ለማዘጋጀት አስቀድሞ ቢጋር ማውጣት እንደሚገባ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ሲነገረን የኖረ ነው። እኔ ግን በማስተማር ልምምድ ጊዜ ነገሩን ችላ ብዬ ተቀጣሁበት። ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሦስት ገጽ ሙሉ ዝርዝር ይዤ ገባሁና ምሳሌ ስደረድር ደወል ተደወለ፤ ዋናው ሐሳብ ሦስተኛው ገጽ ላይ እንደተኛ ቀረ። የገመገሙኝ መምህር «ግንዱን ሳታሳይ ቅጠል ስታራግፍ ዋልክ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ዝርዝሩን ሸሽጎ ግንዱን ብቻ የሚያሳይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መኖሩን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ዓይነት ፕሮግራም እያንዳንዱ ዐቢይ ርእስ ንኡስ ርእሶቹን በሥሩ ይይዛል፤ ሲፈለግ ይታጠፋሉ፣ ሲፈለግ ይዘረጋሉ። አንዱን ርእስ ወደ ሌላ ቦታ ሲያዛውሩትም በሥሩ ያሉት ሁሉ ተከትለውት ይሄዳሉ። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1968 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) በሳን ፍራንሲስኮ ለባለሙያዎች አሳይቶታል። በ1983 ደግሞ ቲንክ ታንክ የሚባለው ፕሮግራም ለአፕል ኮምፒዩተር ለገበያ ቀረበ።

በዚያው በ1983 በጃፓኑ ኪዮሴራ ተሠርቶ አሜሪካ ውስጥ በሬዲዮ ሻክ መደብሮች የተሸጠ ሞዴል 100 የሚባል ኮምፒዩተር ነበር። ከደብተር ብዙም አይተልቅም፤ በአራት ተራ የባትሪ ድንጋይ እስከ 20 ሰዓት ይሠራል። ጋዜጠኞች ይዘውት እየዞሩ ጽሑፋቸውን በስልክ መስመር ይልኩበት ነበር። ስክሪኑ ግን 8 መስመር ብቻ ነው፤ በአንድ መስመር 40 ፊደል ይይዛል። ትልቁ ማስታወሻው 32 ኪሎ ባይት ሲሆን ፕሮግራሙም ጽሑፉም የሚቀመጡት እዚያው ውስጥ ነው። ዛሬ ይህን ማሽን በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ አስመስለው የሚያሠሩ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ እኔና አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ፍጥነቱን እንደ ጥንቱ አድርገን ቤዚክ በተባለው ቋንቋ የራሳችንን የቢጋር ፕሮግራም ጻፍን። የግዕዝ ፊደል ስለማያውቅ ቢጋራችን በእንግሊዝኛ ነበር፤ ምን ይደረግ!

የመጀመሪያው ሥራችን ይሠራል፤ ነገር ግን ያስለቅሳል። ርእሶቹን በቁጥር ቅደም ተከተል ደርድረናቸው ስለነበር፣ 150 ርእስ ባለበት ሦስተኛው ቦታ ላይ አንድ አዲስ ለማስገባት ከዚያ በታች ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ መውረድ ነበረባቸው። የባሰው ደግሞ ቤዚክ ቃላቱን ባዛወረ ቁጥር አዲስ ቅጂ ይጽፋል፤ አሮጌው ቅጂ ቆሻሻ ሆኖ ይቀመጣል። ለቃላት የተመደበው ቦታ ሲሞላ ማሽኑ ሥራውን አቁሞ ቆሻሻውን ይጠርጋል። በዚያን ጊዜ ቁልፍ ብትጫኑ መልስ የለም። ጓደኛዬ ተበላሽቷል ብሎ ሁለት ጊዜ አጥፍቶታል።

መፍትሔው የተገኘው ከክፍል ነው። እስቲ ተማሪዎች በተራ ቁጥራቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል እንበል። ተራ ለመለወጥ ወንበር ማስለወጥ ለምን ያስፈልጋል? ለእያንዳንዱ «ከእኔ ቀጥሎ ያለው ማን ነው» የሚል ወረቀት ይሰጠው። 4ኛው ወረቀት ላይ 5 ተጽፎ ከነበረና 31ኛውን በመካከላቸው ማስገባት ከፈለግን፣ 4ኛው ወረቀት ላይ 31፣ 31ኛው ወረቀት ላይ 5 እንጽፋለን፤ አለቀ። ማንም ከወንበሩ አልተነሣም። 

ሙሉ ቤተሰብ ማዛወርም እንዲሁ ነው። 7ኛው ርእስ 8ኛንና 9ኛን በሥሩ ይዞ ከ2ኛው ቀጥሎ እንዲመጣ ቢፈለግ ሦስት ወረቀት ብቻ ይለወጣል፦ 6ኛው 10ን፣ 9ኛው 3ን፣ 2ኛው ደግሞ 7ን ይጽፋል። በወረቀት ላይ ሞክሩትና ታምናላችሁ። ቃላቱ ካሉበት ስለማይንቀሳቀሱ ቆሻሻም አይከማችም፤ ያ የሚያናድድ ዝምታ ከሞላ ጎደል ቀረ። ለእያንዳንዱ ርእስ ደረጃውን የሚናገር ሌላ ቁጥርም አለ፤ ዐቢይ ርእስ 1፣ በሥሩ ያለው 2 እያለ ይቀጥላል። ማጠፍ ማለት እንግዲህ የታጠፈው ርእስ ላይ ምልክት አድርጎ፣ ቀጥለው የሚመጡትን ደረጃቸው ከእሱ የበለጠ ርእሶች ሳያሳዩ ማለፍ ነው። የታጠፈውን ከፊቱ በመደመር ምልክት እንለየዋለን፤ አለዚያ ሰው ጽሑፌ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል።

ስክሪኑ ላይ የተከራከርነው ብዙ ነው። ጓደኛዬ ለእያንዳንዱ ደረጃ አራት ባዶ ቦታ ገባ እንዲል ፈለገ፤ በወረቀት ላይ ያምራል። በዚህ ስክሪን ግን አምስተኛው ደረጃ ላይ 16 ቦታ በባዶ ይሄድና 24 ፊደል ብቻ ይቀራል። አንድ ባዶ ቦታ ይበቃል አልኩ፤ 36 ፊደል ይተርፋል። መጀመሪያ አኮረፈ፣ በኋላ ሲያየው ተቀበለ። ደግሞም ጠቋሚው አንድ መስመር በወረደ ቁጥር ስምንቱንም መስመር እንደገና መጻፍ ከንቱ ድካም ነው። ቤዚክ ከ0 እስከ 319 ከተቆጠሩት የስክሪኑ ቦታዎች በተፈለገው ላይ መጻፍ ስለሚችል፣ የድሮውን ምልክት አጥፍቶ አዲሱን ማኖር በቂ ነው።

ሌላም ትንሽ ነገር አለች። ቤዚክ ወደ ኋላ ያለ የፕሮግራም መስመር ሲፈልግ ከመጀመሪያው መስመር አንሥቶ እየቆጠረ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚጠሩትን ክፍሎች ወደ ላይ አወጣናቸው። ማብራሪያ የጻፍንባቸውንም መስመሮች ቦታ ስለሚበሉ አውጥተን በደብተር ገለበጥናቸው። ይህኛው ግን ልቤን አላረካኝም፤ ደብተሩ ከጠፋ ፕሮግራሙን ያለ እኛ ማን ይረዳዋል?

ጓደኛዬ አሁንም ቀለም፣ ሰዓት፣ የስልክ ዝርዝር እንጨምር ይላል። ቀለም እንኳ ማሽኑም የለው! እኔ በበኩሌ ከዚያ ይልቅ ቢጋሩ በማንኛውም ሰው በሚነበብ ተራ ጽሑፍ እንዲቀመጥ አጥብቄ ጠየቅሁ፤ ሞዴል 100 አብሮት በሚመጣው የጽሑፍ ፕሮግራም ራሱ ይከፈታል። የእኛ ፕሮግራም ቢበላሽ እንኳ የሰውየው ሐሳብ አብሮ አይቀበርም።

የቀረን የመሰረዝ ጉዳይ ነው። አንድ ርእስ ሲሰረዝ በሥሩ ያለው ሁሉ፣ ታጥፎ ያልታየውም ጭምር፣ አብሮ ይጠፋ ነበር፤ እኔም የአንድ ሳምንት የትምህርት ዕቅድ በዚህ አጥቻለሁ። አሁን የተሰረዘው ወረቀቱ ብቻ እየተለወጠ በዝርዝሩ መጨረሻ «የተጣለ» በሚል ርእስ ሥር ይገባል፤ የተጸጸተ ሰው ከዚያ ያነሣዋል። ማስታወሻው ሲሞላ ከተጣሉት የትኛው አስቀድሞ ይጥፋ የሚለውን ገና አልተስማማንበትም።