ጉልበትን በከፊል መተካት፤ የኮምፒውተሩና የሐኪሙ ድርሻ

በአዊ ደጋማ ወረዳዎች የሚኖር ሰው ሲያርስ፣ ፈረስ ሲጋልብና ሲሰግድ የሚደገፈው በጉልበቱ ነው። ጉልበቱ ታሞ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ ለሕክምና የሚመጣ አዛውንትም አብዛኛውን ጊዜ ማወቅ የሚፈልገው እንደገና መንበርከክ ይችል እንደሆነ ነው።

የጉልበት መገጣጠሚያ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ውስጠኛው፣ ውጭኛውና ከሎሚው በስተኋላ ያለው። ልም አጥንቱ ያለቀው በአንዱ ክፍል ብቻ ከሆነ ያንን ብቻ በሰው ሠራሽ አካል መተካት ይቻላል። ዋና ዋናዎቹ ጅማቶች ስለማይነኩ ጉልበቱ ከሙሉ ቅየራ ይልቅ በተሻለ ይታጠፋል፤ ማገገሚያውም ያጥራል። ሆኖም ሥራው ስሕተትን አይታገሥም። የተተከለው አካል ከልክ በላይ ካዘነበለ ሊላላ ይችላል፤ የጎበጠው እግር ከመጠን በላይ ከተቃና ደግሞ ሸክሙ በጤናማው ክፍል ላይ ይወድቃል።

ናቪጌሽን የሚባለው የኮምፒውተር ምሪት የመጣው ለዚህ ነው። በጭንና በቅልጥም አጥንት ላይ ምልክቶች በቀጫጭን ብረቶች ይተከላሉ፤ የኢንፍራሬድ ካሜራም ይከታተላቸዋል። ሐኪሙ ጭኑን በክብ ሲያዞር ኮምፒውተሩ የዳሌውን መገጣጠሚያ እምብርት ያሰላል። የጉልበቱና የቁርጭምጭሚቱ ነጥቦች ሲመዘገቡ የእግሩ ዘንግ በመስኮቱ ላይ ይሳላል፤ አጥንቱ ከመቆረጡ በፊት ልኩ በዲግሪና በሚሊሜትር ይታያል። ዘዴው በሙሉ ጉልበት ቅየራ ላይ በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1997) በፈረንሳይ፣ በግረኖብል ከተማ ተጀመረ። ልኬትን እንደሚያሻሽል ታውቋል፤ ሕመምተኛው ከዓመታት በኋላ የሚያገኘው ጥቅም ግን ገና አከራካሪ ነው። ቀዶ ሕክምናውን ያስረዝማል፤ ብረቶቹ የተተከሉበት ቀዳዳም፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ለስብራት ምክንያት ይሆናል።

በእኔ አስተያየት ትልቁን ሥራ ኮምፒውተሩ አይሠራውም። ለከፊል ቅየራ የሚሆነውን ሰው መምረጥ የሐኪሙ ድርሻ ነው፤ ይህም ዳንግላ ላይ ሊጀመር ይችላል። ራጁ ሕመምተኛው ቆሞ ይነሣ፤ ተኝቶ የተነሣ ራጅ ያለቀውን ልም አጥንት ይደብቃል። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መጽናቱና ጉብጠቱ በእጅ ሲገፋ መቃናቱ ይፈተሽ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው ለዚህ ሕክምና አይታጭም። እነዚህ በመላኪያ ደብዳቤው ላይ ሲሰፍሩ ሕመምተኛው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ድረስ በከንቱ አይንገላታም።

ስለ መንበርከክ ለሚጠይቁን ደግሞ እውነቱን እንንገራቸው፤ ብዙዎች ይችላሉ፣ የሚጎረብጣቸው ግን ጥቂቶች አይደሉም።