ከእናቱ የተለየ ደቦል

በሆለታ አጠገብ ያለው የእንስሳ ኮቴ መጠለያ በሰንሰለትና በሳጥን ውስጥ ያደጉ አራዊትን ተቀብሎ ያኖራል። የማዳኑ ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚያ በፊት፣ በምዕራብ ጎጃም እንደ ቡሬ ባለ አገር በበቆሎ ማሳ ዳር ነው።

ከቡሬ ተነስቶ ሆለታ ለመድረስ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በፍኖተ ሰላም፣ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ወጥቶ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በአምቦ መስመር ወደ ምዕራብ ይዘልቃል። ሌላው ከቡሬ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ይሻገርና በነቀምትና በአምቦ ዞሮ ይመጣል። በየትኛውም ቢኬድ ዓባይን ሳይሻገሩ አይደረስም። በጦር ትምህርት ቤቷ ስሟ የገነነው ሆለታ ደገኛ ከተማ ናት፤ 77 ሄክታር የሚሸፍነው የእንስሳ ኮቴ የዱር እንስሳት መጠለያ የሚገኘውም በእርሷ አጠገብ ነው።

መጠለያውን ያቋቋመው ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ነው። ለድርጅቱ መወለድ ምክንያት የሆነው የአንዲት ዝሆን ሞት ነበር። እንግሊዛውያኑ ባልና ሚስት ቢል ትራቨርስና ቨርጂኒያ ማኬና እ.ኤ.አ. በ1966 ኬንያ ውስጥ በሰው እጅ አድጋ ወደ ዱር የተመለሰችውን የእንስት አንበሳዋን የኤልሳን ታሪክ በፊልም ተጫወቱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ፊልም ፖሌ ፖሌ ከምትባል ግልገል ዝሆን ጋር ሠሩ። ፖሌ ፖሌ ለለንደን መካነ አራዊት በስጦታ ተላከች፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ገና በለጋ ዕድሜዋ እዚያው ሞተች። በቀጣዩ ዓመት ባልና ሚስቱ ከልጃቸው ከዊል ጋር ሆነው ስለታሰሩ አራዊት የሚሟገት ዘመቻ ጀመሩ። ቦርን ፍሪ ከዚያ ዘመቻ አደገ።

መታየት ግዴታ ያልሆነበት ግቢ

አንበሳ በቅርብ የማየት ልማድ ያለን ብዙዎቻችን ልማዱን ያገኘነው አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተከፈተው የአንበሶች ግቢ ስንትና ስንት የትምህርት ቤት ልጅ አስተናግዷል። አንበሶቹም ተራ አንበሶች አይደሉም፤ ጥቁሩ ጎፈራቸው ከአንገት አልፎ ወደ ደረትና ወደ ሆድ ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናትም ከሌሎች ከተጠኑ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል።

በእንስሳ ኮቴ ግን የጎብኚው ዓይን ቀዳሚ ባለመብት አይደለም። ቅጥሮቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ውስጣቸው ሣርና ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ጥላ አለ። አንበሳው መታየት ካልፈለገ ቁጥቋጦው ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ ጎብኚም ይህን አክብሮ ይመለሳል። አቦሸማኔው መሮጫ፣ ጦጣው መንጠላጠያ ያገኛል። ስለ እንስሳቱ የሚሰጠው ትምህርትም የመጠለያው አንድ የሥራ ክፍል ስለሆነ፣ ተማሪዎች እየመጡ እያንዳንዱ እንስሳ ከየትና እንዴት እንደመጣ ይሰማሉ።

ከእነዚህ ታሪኮች አንዱ የአንበሳው የዶሎ ነው። ዶሎ ስሙን ያገኘው በሶማሊያ ጠረፍ ካለችው ከዶሎ ከተማ ነው። እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ተገኘ። ሰንሰለቱ ጎፈሩን በልቶት ነበር፤ በቅጡ ሳይመገብ በማደጉም ዓይኑ ደክሟል። ወደ መጠለያው ከመጣ በኋላ ሳፊያ ከምትባል እንስት አንበሳ ጋር ተጎዳኘ፤ ብቻውን የኖረው አንበሳ አጠገቡ የሚተኛ ዘመድ አገኘ። ወደ ዱር ግን መመለስ አልቻለም።

ለምን አይለቀቁም?

ጎብኚ ሁሉ የሚጠይቀው ይህን ነው። መልሱ እናት ጋ ነው። የአንበሳ ደቦል ሁለት ዓመት ያህል፣ የአቦሸማኔ ግልገል ደግሞ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ከእናቱ ሳይለይ ይኖራል። በዚህ ጊዜ ማድባትን፣ ማነቅን፣ ከጅብ መሸሽን፣ ከሰው መራቅን ይማራል። ይህን ትምህርት ሳያገኝ በሰው እጅ ያደገ አንበሳ ቢለቀቅ፣ ሲርበው የሚሄደው ምግብ ይሰጠው ወደነበረው ወደ ሰው ነው። ያ ደግሞ ለእርሱም ለመንደሩም ሞት ነው።

አካሉም ብዙውን ጊዜ ተጎድቶ ይመጣል። እናቱ አድና የምታበላው ደቦል ሥጋውን ከነአጥንቱ ይቆረጥማል። ሰው ቤት ያደገው ግን ወይ የላም ወተት ይጠጣል፣ ወይ አጥንት የሌለው ሥጋ ይጣልለታል። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አጥንቱ ሳይጠነክር ይቀራል፣ እግሩ ይጎብጣል፣ በቀላሉም ይሰበራል። አሳዳጊው ወዶትና ከራሱ ማዕድ ቀንሶ እያበላው ሊጎዳው ይችላል።

መመለስ የሚችሉ አሉ። በቡድን የሚኖሩ ጦጣዎች እርስ በርስ ተላምደው መንጋ ከሠሩ በኋላ ወደ ዱር ሊለቀቁ ይችላሉ። ናይሮቢ አጠገብም እ.ኤ.አ. በ1977 የተመሠረተው የሼልድሪክ ድርጅት እናት አልባ ዝሆኖችን አሳድጎ ወደ ጻቮ ዱር ይመልሳል። የድርጅቱ መሥራች ዳፍኒ ሼልድሪክ ለግልገሎቹ የሚስማማውን ወተት ለማግኘት ብዙ ዓመት ደክመው፣ በመጨረሻ የኮኮናት ዘይት ያለበት ወተት ሲሰጡ ነው ግልገል ማትረፍ የቻሉት። ከዚያም ግልገሉ ከዱር ዝሆኖች ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ዓመታት ይወስዳል። ግልገልን ከእናቱ ለመንጠቅ አንድ ጥይት ይበቃል፤ ጉዳቱን ለመጠገን ግን የብዙ ሰው ዕድሜ ይጠይቃል።

ርኅራኄ ሲከፍል

አቦሸማኔ በዓለም ላይ ከ7,000 ብዙም እንደማይበልጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ገምቷል። ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከሶማሊያ የሚወሰዱ ግልገሎች በሶማሌላንድ ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ፤ በጀልባ ወደ የመን ተሻግረውም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት ጌጥ ይሆናሉ። ሐርጌሳ አጠገብ ከነጋዴ የተነጠቁ ግልገሎች የሚያድጉበት መጠለያ አለ። መንገድ ላይ የሚሞቱት ግን ብዙ ናቸው።

ይህን ንግድ የሚያስቀጥለው ሀብታም ገዢ ብቻ ቢሆን ለመኮነን ቀላል ነበር። ነገር ግን በመንገድ ዳር የታሰረ የጦጣ ግልገል አይቶ፣ አንጀቱ ተላውሶ፣ “ከዚህ ሰው እጅ ላውጣው” ብሎ የሚከፍል ሩኅሩኅ ሰውም አለ። ሻጩ የሚያየው ርኅራኄውን ሳይሆን ብሩን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ግልገል ያመጣል፤ ያም ግልገል ከሞተች እናት ጡት ላይ ተላቅቆ የመጣ ነው። አንድ ለማዳን የተከፈለ ብር ሁለተኛውን ያስይዛል። ስለዚህ አንጀት የሚበላ ቢሆንም አለመግዛትና ለሕግ ማሳወቅ ይሻላል። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል።

ከማሳው እስከ ደብሩ

ለቡሬ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ ሊመስለው ይችላል። በፈጣም ወንዝ ዳር ወይም ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ያረሰ ሰው ግን ነገሩን ያውቀዋል። በቆሎው ጆሮ ሲያወጣ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ይዘው ይውላሉ፤ ልጆቹ ለአፍታ ዞር ካሉ ዝንጀሮና ጦጣ የአንድ ቤተሰብ ቀለብ ያወድማሉ። የገበሬው ንዴት እውነተኛ ነው፤ ከተማ ተቀምጦ የሚፈርድበት ሰው በገበሬው ልጆች ጦም ማደር መፍረዱ ነው። በዚያ ንዴት እናቲቱ ትገደላለች፤ ሆዷ ላይ የተጣበቀው ግልገል በሕይወት ተርፎ የልጆች መጫወቻ ይሆናል፤ ከፍ ሲልና መናከስ ሲጀምር ደግሞ በገመድ ይታሰራል። በሆለታ የምናየው ታሪክ አነሳሱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ግልገሉን ማዳን የሚጀምረው ማሳውን ከማዳን ነው። ጎረቤታሞች በወረፋ ቢጠብቁ ልጆች ከትምህርት አይቀሩም። በጫካ ዳር ባለው መሬት በቆሎ ከመዝራት፣ ዝንጀሮ ብዙም የማይመኘውንና የቡሬ አገር አሳምሮ የሚያውቀውን በርበሬ መትከል ይቻላል። አራዊቱም በየገደሉ የሚበሉት የዱር ፍሬ ሲኖራቸው ወደ ማሳ የሚያወጣቸው ረሃብ ይቀንሳል።

ለዚህ ደግሞ ጎጃም የቆየ ሥርዓት አለው። ደብሩ ዙሪያ ያለው ደን አይቆረጥም፤ ጽዱና ወይራው፣ ዋንዛውና ዋርካው በቤተ ክርስቲያን ስም ይኖራል። ከዛፉ ጋር ጉሬዛው፣ ጦጣውና ወፉ ይተርፋል፤ በደብር ቅጥር ውስጥ ያለውን እንስሳ መምታት ነውር ነው። “እመጓ” የተባለውን መጽሐፍ የደረሱት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ተመራማሪ ሲሆኑ፣ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ሠርተዋል። ካቡ ከብት ሲከለክል ችግኙ ይጸድቃል፤ ደኑም ወደ ውጭ መስፋት ይጀምራል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የሚለቀም በመሆኑ ማሳውም ይጠራለታል።

በምዕራብ ጎጃም የታሰረ ግልገል ያየ ሰው መጀመሪያ አይግዛው፤ ራሱም ወስዶ አያሳድገው። ለቀበሌው፣ ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ወይም ለፖሊስ ያመልክት፤ እነርሱ ወደ ኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያደርሱታል። መምህራን ጉዳዩን በክፍል ያንሱት፤ ካህናትም በዐውደ ምሕረት ይናገሩት፤ በደብራቸው ቅጥር ሲጠብቁት የኖሩት ሥርዓት ነውና ቃላቸው ይሰማል።

የእንስሳ ኮቴ ሠራተኞች እናቱን ላጣ ሁሉ በየቀኑ ይደክማሉ፤ ድካማቸው ሊመሰገንና ሊታገዝ ይገባል። ትልቁ እርዳታ ግን አዲስ ግልገል አለመላክ ነው፤ ይህም በማሳ ዳር የምንኖር የእኛ ሥራ ነው።