ብቻዋን ቦክሰኛ አትሆንም

ነሐሴ 16 የሶለል በዓል ሲገባ ጎብዬ የልጃገረዶች ትሆናለች። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ከበሮ ይመታል፤ ሹሩባቸውን የተሠሩ ልጆች በቡድን በቡድን እየዘፈኑ ይዞራሉ። በእነዚያ ቀናት ልጅቷ ለምን አደባባይ ወጣች ብሎ የሚቆጣ የለም። ጀሪካን የለመደው ትከሻና እርሻ ያጠነከረው ክንድ ያን ጊዜ በግልጽ ይታያል። እኔም ባየሁት ቁጥር እጠይቃለሁ፦ ይህ ሁሉ ጉልበት ለምን አንድ ቀን እንኳ ኦሊምፒክ ሪንግ ላይ አልታየም?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ወንዶች በኦሊምፒክ ቦክስ መጋጠም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ሴቶች የተፈቀደላቸው ከ108 ዓመት በኋላ፣ በ2012 ለንደን ላይ ነው፤ ያውም በሦስት የክብደት ምድብ፣ ለ36 ተወዳዳሪዎች ብቻ።

ታይላንድን እንመልከት። ቡጢ የአገሩ ባህል ነው፤ ሙዋይ ታይ በሚባለው የአገሩ ፍልሚያ ልጆች ገና በልጅነታቸው በመንደር ክብረ በዓል ላይ ይጋጠማሉ። ሴት ግን ሪንጉን ከነካች በረከቱ ይገፈፋል የሚል እምነት ነበር። ባንኮክ ያለው ዝነኛው የሉምፒኒ ስታዲየም ለሴቶች ዝግ ነበር። በሌሎች ቦታዎች እንዲጋጠሙ ሲፈቀድላቸውም ወንዱ ከላይኛው ገመድ በላይ ተሻግሮ ይገባል፤ ሴቷ ከታችኛው ገመድ ሥር አጎንብሳ ትሾልካለች።

ሱዳፖርን ሲሶንዲ ያደገችው በዚህ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በእስያ ጨዋታዎች ብር አገኘች። በዚያው ዓመት ኒው ዴልሂ ላይ ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሳ፣ የዳኞች ድምፅ ተከፍሎ በአየርላንዷ ኬሊ ሃሪንግተን ተሸነፈች። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ እንደገና ተገናኙ፤ ሦስት ዳኞች ለሃሪንግተን፣ ሁለቱ ለሱዳፖርን ፈረዱ። በቦክስ የግማሽ ፍጻሜ ተሸናፊዎች ሁለቱም ነሐስ ስለሚያገኙ፣ ሱዳፖርን በኦሊምፒክ ቦክስ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ታይላንዳዊት ሆነች። ሉምፒኒ ሴቶችን ያስገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም.።

መንገዱ አንዴ ከተከፈተ ተከታይ አያጣም። በ2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ጃንጃም ሱዋናፔንግ የቶኪዮዋን ሻምፒዮን ቱርካዊቷን ቡሴናዝ ሱርመነሊን ጣለች። ሐምሌ 30 በግማሽ ፍጻሜው በአልጄሪያዋ ኢማን ኸሊፍ ተሸንፋ እሷም ነሐስ ይዛ ተመለሰች። ኸሊፍም ወርቁን ለአፍሪካ አመጣች።

እኛስ? እስከ ፓሪስ ድረስ ያገኘነው 62 የኦሊምፒክ ሜዳሊያ በሙሉ የአትሌቲክስ ነው። የሴቶች 10,000 ሜትር ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ሴኡል አልሄደችም። በሚቀጥለው በ1992 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ ወርቁን ወሰደች። በሩ ሲከፈት ዝግጁ የሆነች ልጅ ነበረችን። የሴቶች ቦክስ በር ከተከፈተ ወዲህ ግን ለንደን፣ ሪዮ፣ ቶኪዮና ፓሪስ አልፈዋል፤ ከኢትዮጵያ አንዲት ሴት ቦክሰኛ አልቀረበችም። ወንዶቻችን እንኳ በሙኒክና በሞስኮ ታይተው ነበር፤ በእነዚህ አራት ኦሊምፒኮች ግን እነሱም አልነበሩም።

ልዩነቱ የወኔ አይመስለኝም። ሯጭ ጎብዬ ላይ ጎህ ሲቀድ ተነስታ በአስፋልቱ ዳር ብቻዋን መጀመር ትችላለች። ቦክስ ግን በኪሎ የምትመጣጠን ተጋጣሚ፣ እጇን የሚያርም አሠልጣኝ፣ ጓንት፣ የራስ መከላከያና ሐኪም ይፈልጋል። ሱዳፖርንን የሠራት ጉልበቷ ብቻ ሳይሆን ሃሪንግተንን የመሰለች ባላንጣ ደጋግማ ማግኘቷም ነው። የእኛዋ ልጅ ግን ወደ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ካልሆነ በዚህ ሙያ የሚያያት ዓይን የላትም።

እናቶች «ልጄ ትጎዳብኛለች» ሲሉ ስጋታቸውን አከብራለሁ። ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ምት ቀላል ነገር አይደለም። የሴቶች አማተር ቦክስ በራስ መከላከያ፣ በሦስት ደቂቃ ሦስት ዙር፣ ግጥሚያውን ማስቆም በሚችል ዳኛ ፊት የሚካሄደው ለዚህ ነው። ስጋቱ ጥንቃቄን ይጠይቃል እንጂ ክልከላን አይጠይቅም። «ወንዳወንድ» የሚለው ስድብ ግን ስጋት አይደለም፤ ያው የታችኛው ገመድ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ስታዲየም አይደለም። በቆቦና በወልድያ ትምህርት ቤቶች አንድ የሠለጠነ አሠልጣኝ፣ ጥቂት ጥንድ ጓንት፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት አንድ ክፍል ይበቃል ለመጀመሪያ። ሶለል ልጆቻችንን በቡድን አደባባይ ማውጣት ያውቅበታል፤ ቦክስም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያዋ ልጅ በራሷ ወኔ ልትመጣ ትችላለች። በኪሎ የምትመጥናትን ሁለተኛዋን ልጅ ፈልጎ ፊት ለፊቷ ማቆም ግን የእኛ የአዋቂዎቹ ሥራ ነው።