ለስክሪን የተሠራ ጌም ቪአር መነጽር ውስጥ ሲገባ

የኮምፒዩተር ጌሞች በአብዛኛው የሚሠሩት ተጫዋቹ ከፊቱ ባለ አንድ ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ እንዲያያቸው ታስበው ስለሆነ፣ ጌሙ በእያንዳንዱ ቅጽበት የሚስለው ምስል አንድ ብቻ ነው፤ የእይታው አቅጣጫም የሚለወጠው በማውዝ ወይም በጆይስቲክ እንጂ በተጫዋቹ አንገት አይደለም። በምናባዊ እውነታ፣ በተለምዶ አጠራሩ በቪአር፣ ግን ዓይን ላይ የሚታሰረው መነጽር ለቀኝና ለግራ ዓይን በጥቂቱ የሚለያዩ ሁለት ምስሎችን ያሳያል፤ ራስ በዞረ ቁጥርም ምስሉ ሳይዘገይ አብሮ መዞር አለበት። ሁለት የተለያዩ ምስሎች በአእምሮ ውስጥ ተዋሕደው የጥልቀት ስሜት እንደሚፈጥሩ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን ያሳየው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሆነው ሸዋን ይገዙ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1838 ስለሆነ፣ መርሁ ራሱ አዲስ ግኝት አይደለም። አዲሱና አስቸጋሪው ነገር አንድ ምስል ብቻ እንዲስል የተጻፈን ፕሮግራም ያለ ሠሪው እርዳታ ሁለት እንዲስል ማድረግ ነው።

ይህን ሥራ የሚሠሩት ሶፍትዌሮች የተወለዱት ከእጥረት ነው። ኦኩለስ ሪፍት የተባለው መነጽር እ.ኤ.አ. በ2013 ለሶፍትዌር ሠሪዎች መላክ ሲጀምር ለእሱ ተብለው የተሠሩ ጌሞች እጅግ ጥቂት ስለነበሩ፣ በዚያው ዓመት ቮርፕኤክስ የተባለው ጀርመን ሠራሽ ፕሮግራም ቀድሞ የነበሩትን ጌሞች ወደ መነጽሩ የሚያስገባ መንገድ ይዞ ቀረበ። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2024፣ አንሪል ኤንጂን 4 እና 5 በተባሉት የጌም መሥሪያ መሠረቶች ላይ የተገነቡ በርካታ ጌሞችን ለቪአር የሚያመቻቸው ዩኢቪአር በነጻ ተለቀቀ። ሁለቱ በአሠራር ቢለያዩም የሚጋሩት አንድ ጠባይ አለ፤ ጌሙ ሲነሣ የራሳቸውን የኮድ ፋይል ወደ ጌሙ የማስታወሻ ክፍል አስርገው ያስገቡና፣ ጌሙ ለግራፊክስ ካርዱ የሚልከውን ትእዛዝ መሀል መንገድ ላይ ጠብቀው ይለውጡታል።

ጥልቀቱ የሚፈጠርባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው ትዕይንቱን ለእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ ሙሉ በሙሉ መሳል ሲሆን፣ ውጤቱ እውነተኛ ጥልቀት ቢሆንም የግራፊክስ ካርዱን ሥራ ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል። ሁለተኛው አንዱን ምስል ወስዶ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ከተመልካቹ ምን ያህል እንደሚርቅ ጌሙ ራሱ ከመዘገበው የርቀት ሰሌዳ በመነሣት ሌላኛውን ምስል በግምት መፍጠር ነው፤ ይህ ቀላል ቢሆንም በነገሮች ጠርዝ ላይ የመንጠባጠብ ወይም የመጎተት ምልክት ይተዋል። ሦስተኛው አንዱን ፍሬም ለግራ ዓይን፣ ቀጣዩን ለቀኝ ዓይን እያፈራረቁ መሳል ሲሆን፣ ፈጣን እንቅስቃሴ ባለበት ጌም ምስሉ ድርብ ሆኖ እንዲታይ ያደርጋል። ስለዚህ አንድ ተጠቃሚ «ምስሉ ተበላሽቷል» ሲል፣ ብልሽቱ ይሁን ወይስ የመረጠው መንገድ የተፈጥሮ ጉድለት፣ አስቀድሞ መለየት ይኖርበታል። ብዙ ሰው ሰዓታት የሚያጠፋው ሊጠገን የማይችለውን ለመጠገን በመሞከር ነው።

ምስሉ እስኪታይ በሚያልፍበት ሰንሰለት ውስጥ ጌሙ፣ ኮዱን ወደ ጌሙ የሚያስገባው ፕሮግራም (ከዚህ በኋላ አስራጊው)፣ ዊንዶውስ፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ የመነጽሩ ሶፍትዌርና ገመዱ ወይም ዋይፋዩ ስለሚገኙ፣ ችግሩ የሚታይበት ቦታና የሚነሣበት ቦታ አንድ የሚሆኑት ከስንት አንዴ ነው። የተሻለው ዘዴ ሰንሰለቱን መበጠስ ነው፤ መጀመሪያ ጌሙ ያለ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም በተራ ስክሪን ላይ በደንብ መሥራቱ፣ ቀጥሎም መነጽሩ ለቪአር ተብሎ በተሠራ ማናቸውም ትንሽ ፕሮግራም መሥራቱ ይረጋገጣል። ሁለቱም ለየብቻ ከሠሩና ሲገናኙ ብቻ ከተሰናከሉ፣ ጥፋቱ በአስራጊው አካባቢ መሆኑ በአብዛኛው ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መሞከር ያስፈልጋል። አምስት ቅንብር በአንድ ጊዜ ለውጦ የተሳካለት ሰው እንኳ የትኛው እንዳዳነው ስለማያውቅ፣ ጌሙ በሚቀጥለው ጊዜ ሲታደስ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

በጣም የተለመደው ችግር ጌሙ እንደወትሮው ተነሥቶ መነጽሩ ውስጥ ግን ምንም አለመታየቱ ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት የመብት ልዩነት ነው፤ ጌሙ በአስተዳዳሪ መብት ተከፍቶ አስራጊው በተራ መብት ከተከፈተ፣ ዊንዶውስ ዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው እንዲገባ አይፈቅድም። ሌላው የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም ነው፤ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሰርጎ መግባት የቫይረስም ጠባይ ስለሆነ ፋይሉን ይዞ ያግደዋል፣ ተጠቃሚውም ፕሮግራሙን ከሠሪው ዘንድ በቀጥታ ማውረዱን ሳያረጋግጥ እገዳውን ማንሣት የለበትም። በጌሙ ላይ ተደርበው የሚታዩ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ የፍሬም ቁጥር የሚያሳዩ ወይም የድምፅ ውይይት የሚያስተናግዱት፣ ያንኑ የትእዛዝ መንገድ ስለሚይዙ እነሱን መዝጋት ብዙ ጊዜ መፍትሔ ይሆናል። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ የመጣ ጌም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ለአንድ ጌም የተዘጋጀ ቅንብር የሚገጥመው ለተወሰነ የጌሙ እትም ሲሆን፣ የተነካካው ቅጂ የማስነሻ ፋይሉ ስም ወይም እትሙ ስለሚለይ አስራጊው ጌሙን ሳያውቀው ይቀራል። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር የሚጫወቱ፣ አጭበርባሪ የሚይዝ ጠባቂ ያለባቸው ጌሞች ግን ከነጭራሹ ባይሞከሩ ይሻላል፤ ጠባቂው ሰርጎ ገቡን ከአጭበርባሪ ስለማይለይ የተጫዋቹ አካውንት ሊዘጋ ይችላል።

ላፕቶፕ የሚጠቀም ሰው ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ለጌም የሚሆኑ ላፕቶፖች በብዛት ሁለት የግራፊክስ ክፍሎች አሏቸው፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተዋሐደ ደካማ፣ ሌላው ራሱን የቻለ ብርቱ ነው። ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ጌሙን ለአንዱ፣ የመነጽሩን ሶፍትዌር ለሌላው ሊሰጥ ይችላል፤ ውጤቱም ጥቁር ስክሪን ወይም ከባድ መንቀርፈፍ ይሆናል። በዊንዶውስ የግራፊክስ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ሁሉንም ለብርቱው ክፍል መመደብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ የሚያስገርመው ግን ብዙዎች ወደዚህ የሚደርሱት ሁሉን ነገር አጥፍተው እንደገና ከጫኑ በኋላ መሆኑ ነው።

ምስሉ ከመጣ በኋላ የሚቀረው ችግር የምስሉ መቆራረጥ ነው። በሴኮንድ 90 ምስል የሚያሳይ መነጽር ለእያንዳንዱ ምስል የሚሰጠው ጊዜ 11 ሚሊሴኮንድ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በስክሪን ላይ በ60 ፍሬም ያለችግር የሚሄድ ጌም በመነጽሩ ውስጥ ያቅለሸልሻል። የጥላና የነጸብራቅ ጥራትን መቀነስ፣ የመነጽሩን ፍጥነት ወደ 72 ማውረድ፣ ካልሆነም ወደ ርቀት ሰሌዳው መንገድ መዞር ያግዛል። ጥላ በአንድ ዓይን ብቻ ከታየ ጥላውን ማጥፋት ነው። ዓለሙ የተወጠረ ወይም ራስን ሲያዞሩ የሚዋኝ ከመሰለ ግን ጥፋቱ የእይታ ስፋት ነው፤ ብዙ ጌሞች የሚያሳዩት ስፋት መነጽሩ ከሚሸፍነው ስለሚጠብ፣ ሁለቱ እስኪገጥሙ ድረስ ከጌሙ ቅንብር ውስጥ ማስፋት ይገባል።

ተጫዋቹ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለችው ደብረ ብርሃን ባለ ከተማ የሚኖር ከሆነ ደግሞ በመመሪያ ላይ የማይጻፉ የችግር ምክንያቶች ይጨመራሉ። በማለዳው ብርድ የቀዘቀዘ ሌንስ የፊትን ሙቀትና ትንፋሽ ሲያገኝ በጉም ይሸፈናል፤ ምስሉ ደበዘዘ ብሎ ቅንብር ከመነካካት በፊት መነጽሩን ለጥቂት ደቂቃ አብርቶ ማሞቅ ይበቃል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ስለሚሳሳ የላፕቶፕ ማራገቢያ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ የከተማዋ ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ቢያካክሰውም በአቧራ የተደፈነ ማራገቢያን ግን አያድነውም። የቀን ፀሐይ በሌንሱ ውስጥ ካለፈ የመነጽሩን ስክሪን በአጭር ጊዜ ሊያቃጥለው ስለሚችል በመስኮት ደፍ ላይ ማስቀመጥ አይገባም። መብራት ሲጠፋም ላፕቶፑ ሳይዘጋ ወደ ባትሪ ስለሚሻገር ተጫዋቹ ላያስተውለው ይችላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ግን ኃይሉን በእጅጉ ይቀንሳል፣ ደህና ይሄድ የነበረው ጌም ድንገት መቆራረጥ ይጀምራል፣ ጥፋቱም በሶፍትዌሩ ላይ ይላከካል።

ገመድ አልባ መነጽር ለሚጠቀሙ አንድ መልካም ነገር አለ፤ ምስሉ ከኮምፒዩተሩ ወደ መነጽሩ የሚሄደው በቤት ውስጥ ባለው ራውተር በኩል በመሆኑ የኢንተርኔት ፓኬጅ አይበላም፣ የኢንተርኔቱ ፍጥነትም ለውጥ አያመጣበትም። የሚያስፈልገው ኮምፒዩተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ ማገናኘት፣ መነጽሩን በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ማያያዝና በአንድ ክፍል ውስጥ መሆን ነው።

ኮምፒዩተሩ ይህን ሁሉ መሸከም የማይችል ከሆነ ጌሙን ሳይለውጡ በመነጽሩ ውስጥ እንደ ሲኒማ በተንጣለለ ምናባዊ ስክሪን ላይ መጫወት ይቻላል። ይህ መንገድ ጥልቀት ባይኖረውም ጌሙን ስለማይነካ የሚሰናከልበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። በእርጋታ ለሚካሄዱ የስትራቴጂ ጌሞችና ከጀርባ ሆነው ገጸ ባሕርይን ለሚከተሉ ጌሞች እንዲያውም ይመረጣል፤ የመኪና መንዳትና የአውሮፕላን ማብረር ጌሞች ግን ተጫዋቹ ተቀምጦ ራሱን ብቻ የሚያዞርባቸው ስለሆኑ፣ ለቅንብሩ የሚጠፋውን ጊዜ በሚገባ የሚክሱት እነሱ ናቸው።