ተጨማሪ መረጃ፦ አሮጌ የጠላቂዎች ሬጉሌተር እንዴት ይታደሳል?
ፈረንሳውያኑ ኤሚል ጋኛንና ዣክ ኢቭ ኩስቶ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1943 የፈለሰፉት ሬጉሌተር፣ በሲሊንደር የታመቀውን አየር ለጠላቂው እስትንፋስ መጥኖ የሚያድል ሲሆን፣ ምሥጢሩ ሁሉ ያለው በአንዲት ስስ የጎማ ሽፋን ላይ ነው፤ ጠላቂው አየር በሳበ ጊዜ ሽፋኗ ወደ ውስጥ ጎብጣ ዘንጉን ትጫናለች፣ ዘንጉም መዝጊያውን ይከፍታል። ዘመን የጠገበውን ዕቃ የሚያድስ ጥበበኛ የደረቀውን ጎማ ለውጦ፣ የናሱን አካል በቀጠነ ኮምጣጤ አንጽቶ ሲያበቃ፣ ዋናው ሥራ ገና ይቀረዋል፤ ይኸውም የዘንጉን ከፍታ ማስተካከል ነው፤ ከልክ በላይ ከፍ ካለ አየሩ ያለፈቃድ ይፈስሳል፣ ዝቅ ካለም መተንፈስ ይከብዳል። ባሕር የሌላቸው እንደ ሆሳዕናና ዱራሜ ያሉ ከተሞች እንኳ ለዚህ ጥበብ ፈጽሞ ባዕድ አይደሉም፤ በዚያ ያለው የኦክስጅን በያጅ ሬጉሌተርም በሽፋንና በሞላ የሚሠራ ነውና፤ ነገር ግን ቅባት ከታመቀ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ በበያጁ ሬጉሌተር ላይ ዘይትም ሆነ ግራሶ ከቶ አይቀባም።