ኪስ የማይጎዳ፣ ጣት የማያበላሽ ፒያኖ

ልጁ ፒያኖ መማር የጀመረለት ወላጅ መሣሪያ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ፣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣለት ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ነው። ባለ ሱቁ ያበራውና ዋሽንቱን፣ ቫዮሊኑን፣ ከበሮውን በየተራ ያሰማል፤ ሪትሙን ተጭኖም ብቻውን እንዲጫወት ይለቀዋል። ዋጋውም ደህና ነው። ለሠርግ ባንድ ወይም መዝሙር ለማጀብ እንዲህ ያለው ኪቦርድ ጥሩ ያገለግላል፤ ፒያኖ ለሚማር ሰው ግን አልመክረውም። ቁልፎቹ ክብደት የሌላቸው፣ በስፕሪንግ ብቻ የሚመለሱ ፕላስቲኮች ናቸው። በእነሱ የለመደ ጣት እውነተኛ ፒያኖ ላይ ሲያርፍ ቶሎ ይደክማል፤ ለስላሳውንና ጠንካራውን ምት መለየትም ይቸግረዋል።

ፒያኖን ፒያኖ ያደረገው ይኸው የምት ልዩነት ነው። ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ የተባለው ጣሊያናዊ በ1700 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ፍሎሬንስ ውስጥ መሣሪያውን ሲሠራ፣ በዘመኑ የነበረው ሀርፕሲኮርድ ያልቻለውን ነገር ቻለ፤ ጣት በበረታ ቁጥር የሚጮህ፣ በለሰለሰ ቁጥር ዝቅ የሚል ድምፅ አወጣ። ቁልፉ ሲነካ በውስጥ ያለች መዶሻ ተወርውራ አውታሩን ትመታለች። ጣት የሚሰማው ክብደት የዚያች መዶሻና የተያያዙት እንጨቶች ክብደት ነው፤ መሀል ላይ ያሉት ቁልፎች ለመውረድ 50 ግራም ያህል ጫና ይፈልጋሉ፣ የሚወርዱትም 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ዲጂታል ፒያኖ አውታር የለውም። ደህና የሚባለው ግን ክብደቱን ይዞታል፤ በየቁልፉ ሥር ክብደት ያለው ትንሽ መዶሻ አለ። በሱቅ ቋንቋ «ሀመር አክሽን» የሚሉት ይህንን ነው። ወፍራም ድምፅ ባለበት በግራ በኩል ከበድ፣ ቀጭን ድምፅ ባለበት በቀኝ በኩል ቀለል ይላል፤ እውነተኛው ፒያኖም እንደዚያው ነው።

ድምፁን ማን ያዘዋል? ከቁልፉ ሥር የጎማ ቁራጭ ተዘርግቷል፤ በጎማው ውስጥ ከፍና ዝቅ ብለው የተቀመጡ ሁለት መነካኪያዎች አሉ። ቁልፉ ሲወርድ አንደኛው ቀድሞ፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል። መሣሪያው የሚለካው በሁለቱ መካከል ያለፈችውን ጊዜ ነው፤ ጊዜዋ ካጠረች ጣቱ በኃይል ወርዷል ማለት ስለሆነ ከፍ ያለውን የተቀዳ ድምፅ ያወጣል፣ ከረዘመች ለስላሳውን። ሦስት መነካኪያ ያላቸው ደግሞ ቁልፉ እስከ ላይ ሳይመለስ ዳግም ሲመታ ይለያሉ። አንድን ቁልፍ በፍጥነት መደጋገም ለሚጠይቅ ሙዚቃ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው።

እንግዲህ በአነስተኛ ዋጋ ምን ይገኛል? በውጭ አገር ሱቆች 500 ዶላር አካባቢ ሲያንዣብቡ ከኖሩት መካከል ያማሃ ፒ-45፣ ሮላንድ ኤፍፒ-10 እና ካሲዮ ሲዲፒ-ኤስ100 ይጠቀሳሉ። ሦስቱም 88 ቁልፍ፣ ማለትም 52 ነጭና 36 ጥቁር አላቸው፤ ሦስቱም ባለ መዶሻ ናቸው። ፒ-45 በ2023 (እ.ኤ.አ.) በፒ-145 ስለተተካ ያገለገለው በቅናሽ ይገኛል፤ ቀላልና ታማኝ መሣሪያ ነው። ለጣት ስሜት ከሦስቱ እኔ የማስቀድመው ኤፍፒ-10ን ነው፤ ሦስት መነካኪያ አለው፣ ቁልፉም ለማደግ ቦታ ይሰጣል። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ግን ሲዲፒ-ኤስ100ን እመክራለሁ፤ በስድስት ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል።

ሻጭ ስለ «ፖሊፎኒ» ሲያወራ ብዙ አይጨነቁ። በአንድ ጊዜ አብረው ሊሰሙ የሚችሉት ድምፆች ብዛት ነው፤ ፒ-45 64፣ ኤፍፒ-10 96 አለው። ለጀማሪ ሁለቱም ከበቂ በላይ ናቸው።

ፔዳሉ ላይ ግን መጨነቅ ይገባል። ከርካሽ ፒያኖ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው እንደ ሳጥን ያለች ቀላል ፕላስቲክ ናት፤ ሴራሚክ ላይ እየሸሸች ተማሪው በእግሩ ሲያሳድዳት ይውላል። ከበድ ያለ፣ የፒያኖ ፔዳል ቅርጽ ያለውን ለብቻው መግዛት ይሻላል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ወይም የግርማ ይፍራሸዋን ሥራዎች ለመጫወት የሚመኝ ሰው ያለ ፔዳል የትም አይደርስም። ዕድሜዬ ሄዷል ለሚል ጎረምሳ ደግሞ፣ ግርማ ከፒያኖ ጋር የተዋወቀው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ መሆኑን ልንገረው፤ ከዚያ በፊት ክራር ተጫዋች ነበር።

ከአሜሪካ ዘመድ ያስመጡ ከሆነ ሁለት ነገር አስቀድመው ያስቡ። አንደኛው ርዝመቱ ነው። ባለ 88 ቁልፍ መሣሪያ 132 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም፣ ካርቶኑ ሲጨመር አየር መንገዶች በተለምዶ ለሻንጣ ከሚፈቅዱት የ158 ሴንቲ ሜትር የጎን ድምር ያልፋል፤ ክብደቱ 11 ወይም 12 ኪሎ ብቻ ቢሆንም ተጨማሪ ሊያስከፍል ይችላል። ሁለተኛውና የከፋው አዳፕተሩ ነው። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ በቂ ነው። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን የእኛ 220 ቮልት በአንድ ጊዜ ያቃጥለዋል። ያኔ ለ220 የተሠራ ሌላ አዳፕተር መግዛት ይቻላል፤ የሚያወጣው ቮልት ከፊተኛው ጋር አንድ መሆን፣ አምፔሩ ማነስ የለበትም፤ በክብ ምልክቷ ዙሪያ ያሉት ፕላስና ማይነስም በዚያው አቅጣጫ መሆን አለባቸው። መብራት ሲጠፋም ነቅሎ መተው ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው የጆሮ ማዳመጫ ካደረገ ጎረቤት አይረበሽም ብሎ ያስባል። ሙዚቃው በእርግጥ አይሰማም፤ የቁልፎቹ ድብደባ ግን በማቆሚያው እግር በኩል ወደ ወለሉ ወርዶ ከታች ያለው ቤት ይሰማል። ከማቆሚያው ሥር ወፍራም ምንጣፍ ወይም ጎማ ማንጠፍ ይረዳል። ማዳመጫው ባለ ገመድ ይሁን፤ በብሉቱዝ የሚሠራው ድምፁን ስለሚያዘገይ ጣትና ጆሮ ይለያያሉ። ማቆሚያው እንዳይንገዳገድ፣ ቁልፎቹም ከወለሉ 73 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዲሆኑ ያድርጉ። ወንበሩ ደግሞ ክንድ ከቁልፉ ጋር ትክክል ሲሆን ልኩ ነው።

ስለ «ትራንስፖዝ» ቁልፍም አንድ ነገር ልበል። በመዝሙር አጃቢነት ያደጉ ብዙ ጎበዝ ተጫዋቾቻችን ሁሉንም ነገር በአንድ የለመዱት ቦታ ይጫወቱና ዘማሪው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል መሣሪያው እንዲከተለው ይህቺን ይጫናሉ። አገልግሎት ላይ ችግር የለውም። የሚማር ሰው ግን ትዝታንም ባቲንም ከየትኛውም ቁልፍ ተነስቶ በጣቱ ቢያገኝ ይሻለዋል፤ ቤት ውስጥ ባይነካት ነው የምመርጠው።

ያገለገለ ሲገዙ ባለቤቱ አብርቶ ዜማ እንዲያሰማዎ አይፍቀዱ። ድምፁን ከፍ ያድርጉና 88ቱንም ቁልፎች ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ፣ በእኩል ጉልበት ቀስ ብለው ይንኩ፤ ከዚያ ደግሞ ጠንከር አድርገው ይድገሙት። ከጎረቤቶቹ ለይቶ የሚጮህ ወይም አንዳንዴ ዝም የሚል ቁልፍ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያቺ የጎማ ቁራጭ አቧራ ይዛለች ወይም አልቃለች። ተፈትቶ ሊጸዳ ይችላልና አንድ ሁለት ቁልፍ ከሆነ ዋጋ ማስቀነሻ ይሆንዎታል። ተጭኖ የማይመለስ፣ ወይም ሲነካ ወደ ጎን የሚወዛወዝና የሚንኳኳ ቁልፍ በርከት ብሎ ካገኙ ግን ይተዉት፤ የተሰበረ መዶሻ መለዋወጫ አገር ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።